ያልተከፈተው ድምፅ

ልብስ ሰፊዋ የዘበኛው ስም እንደሌለ ያየችው የተጫዋቾቹን ዝርዝር ለቡድኑ ከላከች በኋላ ነው። አሥራ ሁለቱም ቦታ ሞልቶ፣ በስልክ የሚጫወቱት፣ ከመካከላቸው በስውር ተኩላ የሆነውን በድምፁና በንግግሩ የሚለዩበት "ተኩላውን ፈልግ" ተጀምሯል። መቀሷን አስቀምጣ መልእክቶቹን ወደ ኋላ ፈተሸች። ሰውየው ከሁሉም ቀድሞ፣ ገና ሲነጋ ተመዝግቧል፤ ግን በድምፅ መልእክት። እሷ ደግሞ የምትገለብጠው የተጻፈውን ብቻ ነው።

"አለቀልኝ!"

"ማን ሞተ?" አለች ልጇ ከጓዳ ብቅ ብላ።

"ዘበኛውን ዘለልኩት። ባለፈው ሁለት ጊዜ ፈረቃ ላይ ሆኖ ቦታ አለቀበት፤ አሁን ደግሞ እኔ! ጥሎን ይሄዳል። እሱ ሲሄድ ሌላው ይከተላል።"

"እማዬ ደግሞ፣ ደመና ሳይኖር ጎርፍ ወሰደኝ ትያለሽ።"

ልጅቷ ትሳቅ እንጂ እናትየዋን ባሏ ካረፈ ወዲህ "ዛሬ የት ጠፋሽ?" የሚላት ይህ ቡድን ብቻ ነው። ቢበተንስ?

በቡድኑ ውስጥ ስለ ምዝገባው ደንብ የተነሳው ክርክርም ጦፏል።

"ቀድሞ የመጣ ይግባ፤ ወረፋ ወረፋ ነው!" ይላል ጣተ ፈጣኑ ባለታክሲ፣ "ቁንጫ" የሚሉት።

"ሥራ ላይ ያለውስ? ባለፈው የቀረ አሁን ይቅደም" ትላለች አስተማሪዋ።

"እንዲያ ከሆነማ ሆን ብዬ እቀራለሁ!" ይላል ቁንጫ።

ልብስ ሰፊዋ ጻፈች፦ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ዘበኛው አንደኛ ነበር፤ ድምፁን አልከፈትኩትም።"

ስድቡን ጠበቀች። በመጨረሻ ከዘበኛው አጭር ድምፅ መጣ። ዓይኗን ጨፍና ከፈተችው።

"እህቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? እኔ ተኩላ ስሆን ሳቄ ያጋልጠኛል፤ ዛሬ ቁጭ ብዬ እታዘባችኋለሁ። ብቻ ለቀጣዩ አትርሺኝ።"

"በር ጠባቂያችን በር ላይ ቀረ!" ብሎ ጻፈ ቁንጫ። "በሉ ተሸነፍኩ፤ የአስተማሪዋ ሐሳብ ይሁን።"

እፎይ አለች። ወንበሩ ላይ ዘጭ ስትል ልጇ ከት ብላ ሳቀች፤ እሷም አብራ ሳቀች።

የቀጣዩን ጨዋታ ዝርዝር ከፈተች። ዝርዝር ያዥ ናትና አንደኛ ቁጥር ሁልጊዜ የራሷ ነበር። "ዘበኛው" ብላ ጻፈችበት። የዛሬው ጨዋታ ላይ አለችበትና የራሷን ስም የትም አላስገባችም፤ ወረፋ ትጠብቃለች።

ከዚያ ተነስታ የውጭውን በር ቆለፈች። ሌላ ቀን ሦስት ጊዜ ተመልሳ ትነካካው ነበር። ዛሬ አንዴ በቃት።