መጨረሻ የተባለው አሻጋሪ

ክረምት ገብቶ የበሽሎ ወንዝ ሲሞላ፣ ከአርብ ገበያ ወርዶ ማዶ ለመሻገር ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ላይ በደረት ተኝቶ ነፍስን ለዋናተኛ አደራ መስጠት። ያን አደራ ለብዙ ክረምት የተቀበለው ይበልጣል ነበር። የማዶ ሰው ወንዙ ዳር ቆሞ "ይበልጣል!" ብሎ ሲጣራ ድምፁ ከገደሉ ጋር ተላትሞ ይመለሳል። ገደሉ ራሱ ስሙን የሚጠራው እየመሰለው ደስ ይለው ነበር።

አንድ ዓመት ጣና ላይ በተደረገ የዋና ውድድር አንደኛ ወጣና ለአፍሪካ የውኃ ስፖርቶች ሻምፒዮና ተመረጠ። አገሩ ጉድ አለ። ሽማግሌዎች መረቁት። ዋናተኛ ምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ስላልነበረ አዋጥተው ጫማ ገዙለት።

ሻምፒዮናው ግን የተደረገው በገንዳ ነው። ይበልጣል የሚያውቀው ወንዝን ነው። ከላይ፣ ከሾላው ሥር ይገባል፤ ራሱን ቀና አድርጎ የሚመጣውን ግንድ እያየ፣ ውኃው ራሱ ገፍቶ ማዶ እስኪያወጣው ድረስ ያባብለዋል። የገንዳው ውኃ ሞቶ የተኛ ነበር፤ አይገፋም፣ አይጎትትም። ሌሎቹ ፊታቸውን ቀብረው ሲወነጨፉ እሱ አንገቱን አስግጎ ቀረ። እነሱ ደርሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሲተቃቀፉ እሱ ገና መሐል ነበር። ተመልካቹ አዘነለትና አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ በስልክ ተቀርጾ፣ ከእሱ ቀድሞ አርብ ገበያ ገባ።

የአገሩ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ክፉ ቀን የበዛበት ሰው መሳቂያ ካገኘ ቶሎ አይለቅም፤ ነገሩ ይኸው ነው። "መጨረሻ" የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ራሱ ዋና ያስተማረው ጎረቤቱ ጓዴ ነበር። ስሙ በአንድ ገበያ ቀን አገር አዳረሰ። ይበልጣል "መጨረሻ" ሲሉት ዞር ብሎም አያይም። በስሙ ካልጠሩት አቤት ላይል ለራሱ ማለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከትናንቱ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች ወንዙ ዳር ተሰብስበው ተራ ይጠብቁ ነበር። ጓዴ ስልኩን ከፍቶ ያንኑ ቪዲዮ ያሳያል።

"መጨረሻ፣ እንዴት አደርክ?"

"ስም አለኝ።"

"ነበረህ! ይበልጣል ነበርክ፣ ተበለጥክ!"

ወንዙ ዳር በሳቅ ታመሰ። ይበልጣል ሳቁን አሳልፎ ወደ አማረች ዞረ። አማረች ማዶ ያገባች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እሱ የሚያሻግራት ሴት ናት።

"እቴ አማረች፣ ነይ ላሻግርሽ።"

አማረች የጨው ቋጠሮዋን አቅፋ መሬት መሬት አየች። "አይ ወንድሜ… ልጆች አሉኝ እኮ።"

"ምን ታድርግ?" አሉ አባ ወልደ ገብርኤል፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። "አፍሪካ በሙሉ የቀደመውን ሰው አምኖ ማን ነፍሱን ይሰጣል?"

ጓዴ እሱን ተክቶ አማረችን ከመነዳሪው ላይ አስተኛት። እስከ ሾላው ሽቅብ መሄድ ግን ታከተው። "ያ የፈሪ መንገድ ነው" አለና እዚያው ከቆሙበት ገባ። ይበልጣል ወዲያው አወቀ። ከዚያ የገባን ሰው ውኃው የሚወስደው ታች ወዳለው ቋጥኝ ነው። "ከላይ ግባ!" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ፤ ዋጠው።

መሐል ሲደርሱ ከመነዳሪው ዞረ። ጓዴ ሊመልሰው ታገለ፤ ውኃው ሁለቱንም ይዟቸው ወረደ። ሰው ጮኸ።

"መጨረሻ! ኧረ መጨረሻ!"

ይበልጣል ልብሱን አውልቋል፤ እግሩ ውኃው ውስጥ ነው። አልተነቃነቀም። በስሜ ይጥሩኝ፣ አለ በልቡ። አንድ ጊዜ፣ በስሜ።

"መጨረሻ! ምን ይገትርሃል?" አሉ አባ ወልደ ገብርኤል።

ጓዴም ከውኃው መሐል እጁን አነሣ። "መጨረ…" አለ፤ ቀሪውን ውኃ ሞላበት።

ያን ጊዜ አማረች ከቋጥኙ ሥር፣ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ጮኸች። "ይበልጣል! በእመብርሃን፣ ይበልጣል!"

ገደሉ ስሙን መለሰው። ይበልጣል ዘሎ ገባ። በገንዳው ያየው ሰው ያን ቀን ቢያየው ያው ሰው ነው አይልም ነበር። አማረችን በነጠላዋ ይዞ አወጣት። ለጓዴ ሲመለስ ባዶው ከመነዳሪ ቋጥኙ ሥር ይሽከረከራል።

አስከሬኑ ከሦስት ቀን በኋላ ታች ተገኘ። በለቅሶው የጓዴ እናት ካሣነሽ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ይበልጣልን አስጠሩት።

"ልጄ፣ ሲጠሩህ አልሰማህም ነበር?"

ይበልጣል አፉን ከፈተ። አባ ወልደ ገብርኤል ቀደሙት።

"ካሣነሽ፣ ልጁን አትውቀሺው። ሰምቷል። ግን ድሮም ዘገምተኛ ነው፤ አፍሪካ የመሰከረበት ነው። እግዜር ያልሰጠውን ከየት ያምጣ?"

ሰው ሁሉ "እውነት ነው" አለ። አማረች ብቻ ቀና ብላ ይበልጣልን ዐይን ዐይኑን አየችው። ከውኃው ውስጥ ሆና ቆሞ አይታዋለች። ደግሞም በሕይወት ያለችው በእሱ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና አቀረቀረች።

"እንዲያ ነው ልጄ? አልደርስ ብሎህ ነው?" አሉ ካሣነሽ።

"አልደረስኩም፣ እማማ። ዘገምተኛ ነኝ።"

ካሣነሽ ራሱን ዳበሱት። "ምን ታደርግ ልጄ" አሉ። "ምን ታደርግ።"

በሳምንቱ ከእሱ ሌላ አሻጋሪ አልነበረም። ጠዋት አንድ ሰው ማዶ ቆሞ ተጣራ።

"መጨረሻ!"

ገደሉም ተቀብሎ "መጨረሻ" አለ።

"አቤት!" አለ ይበልጣል። ከመነዳሪውን ተሸክሞ ወደ ሾላው ሽቅብ ሄደ።