ደረቅ እጅ

በኬክ ቤቱ አንድ ሕግ ነበር፤ በእርጥብ እጅ ስኳር አይነካም። ሕጉን ያወጣው የኬክ ሠሪዋ ሟች ባል ነው። አንዲት የውሃ ጠብታ ከስኳር ሊጥ ላይ ካረፈች ስንት ሰዓት የተለፋበት ጽጌረዳ ሟሙቶ ይቀራል፤ በሠርግ ቀን ሙሽራው ራሱ ቢቀልጥ እንኳ ኬኩ መቅለጥ የለበትም ይል ነበር። ስለዚህ እዚያ ቤት በሥራ ሰዓት እጅ የሚጸዳው በደረቅ ጨርቅ ነው። ጥርግ ጥርግ፣ የስኳር ዱቄት ነስነስ፣ መዳፍን ከመዳፍ ጨብጨብ፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ቧንቧው ጓሮ በር ጋ ብቻውን ሲንጠባጠብ ይውላል።

ባልየው ካለፈ በኋላ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ምድጃው ተቀይሯል፤ የበሩ ቀለምም ተቀይሯል። ሕጉን ግን የነካው የለም። የሱ ሽርጥም ከተሰቀለበት ምስማር አልወረደም።

እንግዲህ የስኳር በሽታ የመጣው እዚህ ቤት ነው።

"ሌላ ቤት አጥቶ ነው?" አለ ጋጋሪው ወሬውን ሲሰማ። ጋጋሪው የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አፉ እንደ ምድጃው በር ከተከፈተ የማይዘጋ ሰውዬ። "ዕድሜሽን ሙሉ ስኳር ለሰው ስታድይ ኖረሽ ለራስሽም ተረፈሽ በይኛ!"

"አፍህን ተውና አፍንጫህን ተጠቀም። ኬኩ እያረረ ነው" አለችው።

ከበሽታው ይልቅ ያስፈራት መርፌው ነበር። ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ወጣት ነርስ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማትበልጥ መለኪያ ከፊቷ አስቀምጣ አስረዳቻት። "ጣትዎን በጎን በኩል ነው የሚወጉት፣ መሃሉ ያማል። ጠብታዋን መለኪያው ላይ ለተሰካችው ቀጭን ወረቀት፣ ለስትሪፑ ጫፍ ያስነኳታል፣ እሱ ራሱ ይስባታል። ከሁሉ በፊት ግን እጅዎ ንጹሕ ይሁን፣ እሺ እናቴ?"

"የኔን እጅ ንጽሕና ስንት ሙሽራ ይመሰክራል" አለች ኬክ ሠሪዋ ትንሽ ቅር ብሏት።

በመጀመሪያው ቀን ዓይኗን ጨፍና መውጊያውን ተጫነችና ጮኸች። ስትገልጥ የወጋችው ጠረጴዛውን ነው። በሁለተኛው ሙከራ ጣቷን አገኘችው፤ የጮኸው ግን ጋጋሪው ነው። እየዋለ እያደረ ለመደችው። ከክሬም መጭመቂያ ልክ የጽጌረዳ እምቡጥ የሚያህል ማውጣት የሚችል እጅ፣ ከጣት ጫፍ አንዲት ክብ ጠብታ ማውጣት አያቅተውም። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች፣ ምሳዋ ምስርና ቅጠላ ቅጠል ሆኗል፣ ማታ ማታ ሰፈሩን ዞራ ትገባለች። ክሬም መቅመስም ትታለች፤ አሁን ቀማሹ ጋጋሪው ነው።

"እንዴት ነው?"

"ልክ ነው።"

"ልክ ማለት ምን ማለት ነው? ይጣፍጣል? ይከብዳል?"

"አንቺ ብትቀምሺው ደስ ይልሽ ነበር ማለት ነው" ይላል ጣቱን እየላሰ። እሷም ማንኪያውን ትነጥቀዋለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነገሩ አልገባ አላት። ጠዋት እቤቷ ፊቷን ታጥባ ስትለካ መቶ አሥራ ስምንት፣ መቶ ሃያ ሁለት፤ ነርሷ ያለቻት ልክ ውስጥ ነው። ሥራ ገብታ ረፋዱ ላይ ስትለካ ደግሞ ሦስት መቶ አርባ! አንዳንድ ቀን ከዚያም ይብሳል። የተለካውን ሁሉ ለልጇ በስልክ ትነግራለች፤ ቃል ገብታለችና አትዋሽም።

ልጅቷ አንድ ናት፤ ኢንሹራንስ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሥራዋ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ሁሉ ቀድሞ ማሰብ ነው፤ ሲመሽም አታቆምም።

"ይኸው፣ እቤት ስትሆኚ ደህና ነሽ" አለች አንድ ቀን። "የሚገድልሽ ኬክ ቤቱ ነው።"

"ኬክ ቤት ሰው አይገድልም፣ ልጄ። ያወፍራል እንጂ።"

"እማዬ፣ አትቀልጅብኝ። አባዬን ሳናስበው ነው ያጣነው። አንቺን እያየሁ አላጣም። እስከ ቅዳሜ ካልወረደ ኬክ ቤቱ ይዘጋል፣ ቁልፉን ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።"

ኬክ ሠሪዋ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ከስልኩ ወዲያ ግን ልጇ ምራቋን ስትውጥ ሰማች፤ እንባ ሲመጣ የሚዋጠውን ዓይነት። "እሺ" አለች። "እስከ ቅዳሜ።"

ስልኩን ዘግታ ዙሪያዋን አየች። ይህን ጠረጴዛ ከለቀቀች ጠዋት ተነስታ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም ነበር።

"ሽታው ነው" አለ ጋጋሪው ብዙ ካሰበ በኋላ። "በአፍሽ ካልገባ በምን ይገባል? በአፍንጫሽ ነዋ! እኔ ራሴ ምን በልቼ ነው እንዲህ የወፈርኩት?"

"የተሰባበረውን ኬክ ሁሉ ማን ይበላዋል?"

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እሷም አፍንጫዋን በሻርፕ ሸበበች። ኬክ ሊያዝዝ የመጣ አንድ ሙሽራ ፊቷን የሸፈነች ሴት ቢላዋ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ሲያይ፣ ሳይጠየቅ የኪስ ቦርሳውን አወጣ። ይህን ሁሉ ሆና ስትለካ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት።

ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ "ለኪ ልየው" አለች።

ኬክ ሠሪዋ የያዘችውን የስኳር ጽጌረዳ የመጨረሻ ቅጠል አስተካከለች። እጇን በደረቁ ጨርቅ ጣት በጣት ጠረገች፣ ወጋች፣ ለካች። ሦስት መቶ አርባ ሰባት።

ልጅቷ እጇን ሰድዳ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ቁልፍ አወረደች። "ተስማምተናል፣ እማዬ።"

"ቆይ!" አለ ጋጋሪው የስኳር ሊጡን እያሸ። "ማሽኗ ናት ያበደችው! እኔን ለኩኝ። ሐኪም ቤት በር የረገጥኩት የታመመ ልጠይቅ ብቻ ነው።" እጁን በዚያው ጨርቅ ጠርጎ ጣቱን ዘረጋ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ልጅቷ አዲስ መርፌ አድርጋ ወጋችው።

አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ጋጋሪው ዱቄት ጆንያ ላይ ዘፍ አለ። "ከሷም በለጥኩ?"

"በለጡ፣ ጋሼ።"

"ወይ ጉዴ! እግሬም ይደነዝዘኝ ጀምሯል። ቆቤን ለወንድሜ ልጅ ስጡልኝ። አይ፣ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ አይበቃውም።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት መርፌውን እንደገና ቀይራ የራሷን ጣት ወጋች። ዘጠና አንድ። ማሽኗ አላበደችም።

"በቃ" አለ ጋጋሪው ከጆንያው ላይ። "እኔና እናትሽ አንድ ላይ ልንሄድ ነው። አባትሽ ሲያየን ምን ይለን ይሆን?"

ኬክ ሠሪዋ እጆቹን ነበር የምታየው። የጋጋሪው እጅ እስከ ክንዱ ነጭ ነው። የሷም የጥፍሯ ዳር ነጭ ነው። የልጇ እጅ ግን ከውጭ የመጣ እጅ ነው፤ ከቦርሳ፣ ከጃንጥላ፣ ከቁልፉና ከማሽኗ በቀር ምንም አልነካም።

ያልተወጋ ጣቷን ወደ አፏ አስጠግታ በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ቆይ።"

ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ የቀመሰችው የመጀመሪያው ጣፋጭ የገዛ ጣቷ ሆነ። ነርሷ "ንጹሕ" ስትል ውሃና ሳሙና ማለቷ ነበር። ለሷ ደግሞ ንጹሕ እጅ ደረቅ እጅ ነው፤ እዚህ ቤት ሌላ ንጽሕና ተምራ አታውቅም።

"ደሜ አይደለም" አለች። "ማሽኗ እስካሁን ስትለካ የከረመችው ጣቴ ላይ ያለውን የስኳር ዱቄት ነው።" ወደ ቧንቧው ሄደች።

"በሥራ ሰዓት?" ጋጋሪው እየሞተም ቢሆን ደነገጠ። "ሕጉስ?"

ቧንቧው ፊት ትንሽ ቆመች። ከዚያ ከፈተችው፤ በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች። ማድረቂያ ስትፈልግ ግን ጨርቁ ሁሉ ስኳር ነው፤ የጠረጴዛው፣ የትከሻዋ፣ የራሷ ሽርጥም ጭምር። በዚያ ቤት ከስንት ጊዜ ወዲህ ስኳር ያልነካው ጨርቅ አንድ ብቻ ነበር። ከምስማሩ አወረደችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ አደረቀችበት።

መቶ ሠላሳ አራት።

ልጅቷ ቁጥሩን አየች፣ እናቷን አየች፣ ሽርጡንም አየች።

ጋጋሪው ግን ሞቱን ትቶ ተፈተለከ። ሁለት ጊዜ ታጥቦ እጁን ወደ ሽርጡ ሲሰድ ኬክ ሠሪዋ ገለል አደረገችበት። "አንተ አራግፈህ አድርቅ።" አራገፈ፣ ተለካ፤ ዘጠና ስድስት። "ተነሳሁ!" ብሎ ጮኸ። "ቆቤን መልሱልኝ!"

"ማን ወሰደብህ? ጭንቅላትህ ላይ ነው።"

ልጅቷ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። "ስኳሩ ግን አለ፣ እማዬ። መቶ ሠላሳ አራት ማለት ድነሻል ማለት አይደለም።"

"አውቃለሁ። መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ እራመዳለሁ፣ እለካለሁ። ታጥቤ።"

ልጅቷ ቁልፉን ወደ ቦታው መለሰችው።

"እንግዲህ ሕጉ ይሻሻል" አለ ጋጋሪው ደረቱን ነፍቶ። "በእርጥብ እጅ ስኳር አይነካም፤ ስኳር በነካ እጅም ደም አይለካም።"

ኬክ ሠሪዋ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ከክርኗ የቀረች አንዲት ጠብታ ወርዳ የጽጌረዳው መሃል ላይ አረፈች፤ ቅጠሉም ከዳር ጀምሮ መሟሟት ያዘ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

"አየሽ" አለች ለልጇ፣ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ። "አባትሽ አልዋሸም።"

ክርኗን በሽርጡ አደረቀች፣ ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው፣ መዳፏን በስኳር ዱቄት ጨብጨብ አድርጋ ሌላ ጽጌረዳ ጀመረች።