አብዶ ማሾ የገዛ ዕለት

ባሂራ ባሏን ከቤት ስታስወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር የነገረችው።

«ፋኖስ። ፋኖስ ገዝተህ ና። ሌላ ነገር ተሸክመህ ብትመጣ ወላሂ ደጅ ታድራለህ!»

አብዶ ግን አብዶ ነው። ቡታጅራ ውስጥ በርበሬ ሲነግድ የኖረ ሰው፣ የማረቆን በርበሬ ጆንያው ሳይፈታ የሚለይ ሰው፣ ሚስቱ ያዘዘችውን ዕቃ ብቻ ይዞ የገባበት ቀን የለም። ደግሞ የዚያን ዕለት የሚገዛው መብራት ዝም ብሎ መብራት አልነበረም። ትራንስፎርመሩን መብረቅ መትቶት ሰፈሩ በጨለማ ከተዋጠ ሳምንት ሊሞላው ነው። በፀሐይ የሚሞሉትን መብራቶች እንኳ የክረምቱ ደመና በድን አድርጓቸዋል። በዚህ ሁሉ መሀል ነው እንግዲህ፣ ከመግሪብ በኋላ ሽማግሌዎች የሚመጡት። የሚመጡትም ፈቲሀን ለመጠየቅ ነው። አንድ ልጁን!

ጠያቂው ራምዚ ይባላል፣ ወልቂጤ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። ፈቲሀ ወዳዋለች፤ ለእናቷም ነግራታለች። ባሂራ «እሺ ትላለህ፣ አለቀ» ብላ ፈርዳለች። አብዶም ፊቷ ራሱን ነቅንቋል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ልጁን ጠልቶ አይደለም። ምክንያቱን ለሰው ቢናገር መሳቂያ ይሆናል እንጂ። አብዶ ያነጥሳል። የበርበሬ ነጋዴ ነውና ሲነሳ ያነጥሳል፣ ሲቀመጥ ያነጥሳል። አነጥሶ «አልሀምዱሊላህ» ባለ ቁጥር ፈቲሀ ጓዳም ትሁን ጓሮ፣ ገና አፏን ከፈታች ጀምሮ «የርሀሙከላህ፣ አባዬ!» ብላ ትመርቀዋለች። ባሂራ እንደሆነች ሰልችቷት ከተወችው ቆይታለች። ልጅቷ ወልቂጤ ከሄደች ማን ሊለው ነው?

ስለዚህ በልቡ የጨረሰው ነገር ነበር። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅቷ ትምህርት ልትቀጥል አስባለች፣ ለከርሞ እንነጋገር» ብሎ መሸኘት። በቀስታ ከተባለ ማንም አይቀየምም፣ ጎረቤትም አይሰማም።

የኡበይድ ሱቅ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ኡበይድ መጀመሪያ ከቆርቆሮ የተሠራች ኩራዝ አወጣ፤ አብዶ ዞር ብሎም አላያት። ቀጥሎ ፋኖስ አወጣ።

«ለቤት ይቺ ናት» አለ። «ላምባ አታባክንም፣ ነፋስ አያጠፋትም።»

«ያ ምንድን ነው?» አለ አብዶ፣ ጣቱን ወደ መደርደሪያው አናት ቀስሮ።

«ማሾ ነው፣ አየር እየተነፋ የሚበራ መብራት። ዘቢዳር ተራራ ወጥተው ድንኳን ተክለው ለሚያድሩ የአዲስ አበባ ልጆች ያመጣሁት ነው። ለሜዳ ነው እንጂ ጋሼ አብዶ፣ ለቤት ይከብዳል።»

ይቺ «ለቤት ይከብዳል» የምትል ነገር ናት አብዶን ያበላሸችው። የማን ቤት ነው የሚከብደው?

«አብራው እስኪ!»

ኡበይድ ላምባ ሞላ፣ አየር ነፋበት፣ ክብሪት ጫረ። ነጭ ብርሃን ቦግ ሲል አብዶ ዓይኑን በእጁ ከለለ፣ በልቡም ተደሰተ። ሰው ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ እምቢ ካለ ኩርፊያ ይመስልበታል፤ በዚህ ብርሃን ሥር የተባለ እምቢ ግን የትልቅ ሰው እምቢ ነው። እንዲህ ነበር ያሰበው፣ አላህ ይቅር ይበለው! ማሾው ሲበራ ድምፅ እንዳለው ልብ አላለም። እንዴት ልብ ይበል? ከጀርባው ረዳቶች «ቆሼ! ቆሼ!» እያሉ በጩኸት ተሳፋሪ ይጠራሉ፣ ባጃጆች ጡሩምባ ይነፋሉ። እንዴት እንደሚበራ ሁለቴ አስደግሞ ተማረ፤ እንዴት እንደሚጠፋ መጠየቅ ትዝም አላለው።

ባሂራ ማሾውን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከፋኖስ የሚበልጥ ነው።»

«እኔ የሚበልጥ አምጣ አልኩህ?»

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። የሽማግሌዎቹ መሪ ሀጂ ሙሀመድአወል ሁለት ሰዎች አስከትለው ገቡ። ሀጂ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ግን ከደከመ ቆይቷል። አብዶ ሮጦ ማሾውን አቀጣጠለና ከጣሪያው መንጠቆ ላይ ሰቀለው። ቤቱ ቀን ሆነ። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሳህኖች አብረቀረቁ፣ ከሳህኖቹ በላይ የተንጠለጠለው የሸረሪት ድርም እንዲሁ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

ሽሽሽሽሽሽ!

ሱቅ ውስጥ ያልተሰማው ነገር እዚህ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ጆሮ የሚበጥስ ሆነ። አሸንም ብርሃኑን አይቶ በመስኮት ጎረፈ፤ ግማሹ ሻይ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ የሀጂን ጺም መረጠ። ሀጂ ጺማቸውን እያራገፉ ልመናቸውን ጀመሩ፤ አጠገባቸው ያሉት እንኳ አልሰማ ሲሏቸው ድምፃቸውን ከፍ፣ አሁንም ከፍ አደረጉ፤ በመጨረሻ «ልጃችሁን ለልጃችን!» ብለው ጮኹ። አብዶ አጥሩን አስቦ ደነገጠ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ሀጀራ ናት። ሀጀራ የሰማችውን ደግሞ ቡታጅራ ሙሉ ይሰማዋል።

ተራው ደረሰ። ጉሮሮውን ጠራረገና እንዳሰበው በቀስታ ጀመረ።

«ሀጂ፣ አክብራችሁ መጥታችኋል። ልጅቷ ግን ትምህርት ልትቀጥል አስባለች፤ እናም...»

«ምን አለ?» አሉ ሀጂ።

«ትምህርት አስባለች!»

«አልሰማሁም፣ ጠጋ በል!»

«ለከርሞ ይሁን ነው የምለው!»

«ለምን?» አሉ ሀጂ፣ ይቺኛዋን ሰምተው።

አብዶ ላብ አጠመቀው። ሰበብ የሚባል ነገር በጩኸት እንደማይነገር ያን ጊዜ ነው የገባው። ያዘጋጀው ንግግር ረጅም ነበር፣ ለስላሳ ነበር፣ «እንደምታውቁት» የሚል ነበረበት። አሁን ግን የቀረችው አንዲት አጭር ነገር ብቻ ናት፤ እሷም እውነቷ ናት። ደረቱን ነፋና በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

«ሳነጥስ ማን ይመልስልኛል?!»

ለካ ባሂራ ከሀጀራ ፋኖስ ተውሳ ገብታ፣ ከጀርባው የማሾውን መዝጊያ እያጠመዘዘች ኖሯል። አብዶ አፉን ከመክፈቱ የማሾው ድምፅ ቀጥ አለ። ጩኸቱ ጸጥ ባለ ቤት፣ ጸጥ ባለ ሰፈር ላይ ብቻውን ወጣ።

«እኔ እመልስልሃለሁ!» አለች ሀጀራ ከአጥር ማዶ። «ልጅቷን ስጥ፣ አንተ ሰውዬ!»

ሀጂ ሙሀመድአወል ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ።

«እኔም ሴት ልጅ ድሬያለሁ፣ አብዶ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «እኔ ግን በር ዘግቼ ነው ያለቀስኩት። አንተ ሰፈር ሰብስበህ!»

አብዶ ቀና ሲል ፈቲሀ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። እየሳቀች ታለቅሳለች። በፋኖስዋ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ሕፃን መስላ ታየችው።

«ጁምዓ ተመለሱ» አለ በመጨረሻ። «ፋኖስ ነው የማበራው።»

ጁምዓ ዕለት ኤሌክትሪኩ መጥቶ ነበር። አብዶ ግን አምፖሉን አጥፍቶ፣ ራሱ የገዛትን አዲስ ፋኖስ መሀል ቤት አስቀምጦ ጠበቃቸው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀመጡ። አብዶ ጎንበስ ብሎ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ፣ «ሰጥተናል» አለ።

«ምን አለ?» አሉ ሀጂ።

«ሰጥተናል!» ብሎ ጮኸ አብዶ። «ሰጥቻለሁ!»

ከአጥር ማዶ የሀጀራ እልልታ ተነሳ፣ ከጓዳ የጎረቤት ሴቶች እልልታ ተከተለ። ጩኸቱ ይሁን የቀኑ በርበሬ አይታወቅም፣ አፍንጫውን በላው፤ አብዶ አነጠሰ። «አልሀምዱሊላህ» ብሎ እንደ ልማዱ ጆሮውን ወደ ጓዳው ጣለ። ፈቲሀ በእልልታ መሀል አልሰማችውም። ሀጀራም አልሰማችም።

ባሂራ አጠገቡ ተንበርክካ የፋኖስዋን ክር ዝቅ እያደረገች ነበር። ቀና ሳትል፣ «የርሀሙከላህ» አለችው።