በኋላ በር የወጡት

"ቶሎ ቶሎ! ድምፅ አይሰማ! ኤርካሎ፣ ምን ትዝረከረካለህ፣ ደብተርህን ያዝ!"

መምህርት አሳየሽ የትምህርት ቤቱን የኋላ በር ገርበብ አድርጋ የአራተኛ ክፍል ልጆቿን አንድ በአንድ ታስወጣለች። ሁሉንም አይደለም፤ ማንበብ የሚቸግራቸውን ብቻ። ከበሩ ወዲያ ቦዬ የሚባለው ሥራሥር የተተከለበት ማሳ አለ፤ ከማሳው ማዶ የቸርቹ ግቢ። እዚያ ካረፉ ከመንገዱ ማንም አያያቸውም።

"ቲቸር፣ ምን አጠፋን?" አለ ኤርካሎ። በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል፤ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል።

"ምንም አላጠፋችሁም። እንግዶች ይመጣሉ። እስክጠራችሁ እዚያ ተጫወቱ።"

"እንግዶቹ እኛን ማየት አይፈልጉም?"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። "ሂድ አልኩህ እኮ!" አለችና ትከሻውን ገፋ አደረገችው። ልጁም ጎንበስ ብሎ ሄደ።

ከሰልፉ መጨረሻ ላይ መቅዲ ቆማለች። የአሳየሽ የገዛ ልጇ። እናትየው እጇን ለቀም አድርጋ ከሰልፉ አወጣቻት።

"አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ? ክፍል ግቢ።"

"እኔም ከእነሱ ነኝ እኮ፣ እማዬ።"

"ክፍል ግቢ!"

እንግዳ ሲመጣ ደካማን መሸሸግ በዚህ ትምህርት ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ለእንግዳ ቤት ሲጠረግ የተሰነጠቀው ሳህን ጓዳ ይገባ የለም? እንደዚያው ነው። ጎበዞቹ ፊት ይቀመጣሉ፣ ደካሞቹ ውኃ ቅዱ ተብለው ይላካሉ፣ እንግዳው ተደስቶ ይሄዳል። ከቦምቤ ከተማ ወጣ ብላ ለምትገኝ ትምህርት ቤት ያለ ወግ ነው፤ ማንም ነውር ብሎት አያውቅም።

የዛሬውን ያዘዘው ርዕሰ መምህሩ አቶ ዳልጮ ነው። ጠዋት ቢሮ አስጠርቶ፣ "ከክልል ሞዴል ትምህርት ቤት ሊመርጡ ይመጣሉ" አላት። "ደካሞቹን አርቂልኝ። የዝውውርሽ ጉዳይ የእኔን ፊርማ ነው የሚጠብቀው። ያንቺን ነገር እኔ አልረሳም፤ አንቺም የእኔን አትርሺ።"

ነገሩ ገብቷታል። ባሏ ዱባለ ሶዶ ነው የሚሠራው። ከዓመት ዓመት በሳምንት አንዴ የሚገናኙ ባልና ሚስት ሆነዋል። ዘንድሮ ዝውውሩ ካልተሳካ መቼ ሊሳካ ነው?

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ለዱባለ እንኳ ደፍራ ያልነገረችው። መቅዲ ማንበብ አትችልም። የመምህር ልጅ! ፊደሎቹን ለየብቻ ትጠራለች፣ ሲገጣጠሙ ግን ይጠፉባታል። አሳየሽ ከደወል በፊት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ከፍታ፣ ካርቶን ቆርጣ ፊደል ጽፋ፣ ደካሞቹን እያንዳንዳቸውን ካሉበት ደረጃ እያነሳች ስታስጠና መቅዲም አብራ ትገባ ነበር። "ካርቶኑን ልትይዝልኝ ነው" ትላለች እናትየው ለጠየቃት ሁሉ። እውነቱን የሚያውቁት እነኤርካሎ ብቻ ናቸው። አንዳቸውም ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

የእንግዶቹ መኪና ጡሩምባ ተሰማ።

ከክልል የመጣው ባለሙያ አቶ መልአኩ ይባላል። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ክፍል እንደገባ በወላይትኛ "ሳሮ!" ብሎ ሰላም ሲላቸው ልጆቹ በአነጋገሩ ሳቁና በአንድ ድምፅ "ሳሮ!" ብለው መለሱለት። አሳየሽ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ዓይኗ መቅዲ ላይ ነው። አንድ ለአምስት ቡድን ውስጥ ከትግሉ ጎን አስቀምጣታለች። ትግሉ የቡድን መሪ ነው፤ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ከአምስቱ ቀድሞ እሱ ይነሳል። ጎበዝ ሲናገር ሌላው ተከልሎ ይኖራል።

ትግሉ ተነሳና አንድ ገጽ ሙሉ እንደ ውኃ አንበለበለው። ከሌላው ቡድን ሌላ ጎበዝ ተነሳ። አቶ ዳልጮ ደረቱን ነፍቶ ፈገግ ይላል።

"በጣም ጥሩ" አለ መልአኩ። "አሁን ደግሞ ማንበብ የሚቸገሩትን አሳዩኝ።"

"እኛ ጋ? የሉም!" አለ ዳልጮ እየሳቀ። "መቶ በመቶ ያነባሉ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም! ይኸው መምህርቷ ትመስክር።"

የመቅዲ ዓይን እናቷ ፊት ላይ አርፏል። ምን ይዋጣት? አሳየሽ አንገቷን ነቀነቀች፤ አዎ ማለቷ ነው።

መልአኩ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። "እንግዲያው እሰየው ነው። ከናንተ ጋር ጨርሰናል፤ ወደ ቤሌ እናልፋለን።"

"ጨርሰናል? ምርጫውስ?" አለ ዳልጮ።

"ምርጫው ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ለበዙበት ትምህርት ቤት ነው፣ አቶ ዳልጮ። ሶዶ በተደረገው ስብሰባ ላይ ነግረናችሁ ነበር እኮ። በአዲሱ አሠራር በየጠዋቱ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት ልክ ተከፋፍለው ይማራሉ። ፊደል ላይ ያለው ከፊደል ይጀምራል፤ ቃል ላይ ያለው ከቃል። መምህሩ በዚያ ሰዓት ይህን ገጽ ለምን አልደረስክም ተብሎ አይጠየቅም። ተጨማሪ መምህር ይመደባል፣ መጻሕፍትም ይመጣሉ። ለናንተ ግን፣ ተመስገን ነው፣ አያስፈልጋችሁም።"

ዳልጮ አመድ መሰለ። ስብሰባው ላይ "ትምህርት ቤት ይመረጣል" ሲባል ሰምቷል፤ የቀረውን ጆሮው አልተቀበለውም። ሲመረጥ የኖረው ንጹሕ ግቢና ጎበዝ ተማሪ ያለው አይደል እንዴ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ዳልጮ ግን ይባስ ብሎ በሽታውን ደብቆ ሐኪሙን እየሸኘ ነው!

ወደ መኪናው ሲሄዱ ዳልጮ አሳየሽን ክንዷን ያዝ አድርጎ ወደ ኋላ አስቀራት።

"አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ" አላት በሹክሹክታ። "አሁን ብንናገር ዋሾዎች ነው የምንባለው። እኔም አንቺም አለቀልን።"

"ልጆቹስ?"

"ልጆቹ ትናንትም ነበሩ፣ ነገም ይኖራሉ። አንቺ ሶዶሽን አስቢ።"

አሰበች። እሷ ሶዶ ስትገባ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ማን ይከፍታል? ኤርካሎ ፊደሎቹን ጨርሶ ቃላት መግጠም የጀመረው ገና በዚህ ሰሞን ነው። መቅዲስ? ሶዶ ባለ ብዙ ተማሪ ክፍል ትገባለች፤ እዚያም አንድ ትግሉ አይጠፋም፤ እሱም ይናገርላታል፤ እሷም ተከልላ ታድጋለች። አሳየሽ ፈራች፤ በጣም ፈራች።

የመኪናው ሞተር ተነሳ። ዘወር ስትል መቅዲ የክፍሉ በራፍ ላይ ቆማለች። የምታየው መኪናውን አይደለም። የኋላውን በር ነው የምታየው።

"አቶ መልአኩ!" አሳየሽ ራሷን ስትጮህ ሰማችው። "ቆይ! ይቁሙልኝ!"

መልአኩ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"ዋሽቼዎታለሁ" አለችው። "ማንበብ የሚቸገሩ ልጆች አሉን። እንዳያዩዋቸው ብዬ በኋላ በር ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ።"

"መምህርት አሳየሽ!" አለ ዳልጮ።

"ይጨርሱ" አለው መልአኩ።

"አንዷን ግን አስቀረኋት። ልጄ ስለሆነች አፍሬ ነው። መቅዲ ትባላለች፤ ያቻትና፣ በራፉ ላይ ያለችው። እሷ አላፈረችም። ያፈርኩት እኔ ነኝ።"

ዳልጮ ፊቱን ወደ ቢሮው አዞረ። "ፊርማዬን እንዳትጠብቂ" አለ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

መልአኩ ወደ ሾፌሩ ዞር አለና "ሞተሩን አጥፋው" አለው። "የት ናቸው ልጆቹ?"

መቅዲ አጠገባቸው ደርሳ ነበር። "ልጥራቸው፣ እማዬ?"

"ጥሪያቸው።"

ልጅቷ ወደ ኋላው በር በረረች። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ እናቷ ጠራቻት።

"መቅዲ! በዚያ አይደለም።" አሳየሽ መኪናው ወደቆመበት፣ ዘበኛው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ወለል አድርጎ ወደሚከፍተው ትልቁ በር አመለከተች። "በዚህ አምጫቸው። አንቺም አብረሻቸው ግቢ።"