የእንግዳዋ ስም

ኤልፍነሽ ሆላንድ አገር፣ ራይስዋይክ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የደች ቋንቋ ፊደል መቁጠር ከጀመረች ሰባት ወሯ ነው። ቢሮ አጽድታ ስትወጣ ማክሰኞ ማክሰኞ ወደዚያ ታቀናለች። በአርባ ሁለት ዓመቷ ደብተር ያስያዛት አንድ ነገር ነው፤ ልጇ ዮሃና የትምህርት ቤት ጉዳይ ሲገጥማት እሷን እንድታማክራት።

ዮሃና ግን የምታማክረው ጎረቤታቸውን እትዬ ኣሰገደትን ነው። እሳቸው ጀርመን ኖረው፣ ሮተርዳም ሠርተው፣ ለጡረታ እዚህ የሰፈሩ ኤርትራዊት ናቸው። ዮሃና ክፍል ውስጥ የምታቀርበው ንግግር «ስሊም» ስለምትባል ቃል ነበር። ሆላንዶች ጎበዝ ሲሉባት፣ ጀርመኖች ክፉ፣ እንግሊዞች ቀጭን ይሉባታል፤ ጥንት ግን ትርጉሟ ጠማማ ነበር አሉ። እትዬ ኣሰገደት ሮተርዳም በገቡ ሰሞን የልጃቸው አስተማሪ ልጅዎ ስሊም ናት ብትላቸው፣ በጀርመንኛው ተረድተው ልጃቸውን ሳምንት ሙሉ ከቤት እንዳትወጣ ቀጥተዋት ነበር። ዮሃና ይህን እየደጋገመች ስትስቅ ኤልፍነሽም ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ደብተሯን ታወጣለች።

ረቡዕ ዕለት ለንግግሩ እንግዳ የሚጠራበትን የትምህርት ቤቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ለአንድ ተማሪ አንድ እንግዳ ብቻ እንደሚፈቀድ ሰምታለች። ዮሃና የሞላችውን የእንግዳዋን ስም በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለቀመችው። ያለማንም እርዳታ አንብባ የጨረሰችው የመጀመሪያ ስም የሌላ ሴት ሆነ። ኣሰገደት።

ወረቀቱን አጣጥፋ ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ዮሃና ቤቱን ስታተራምስ አላየሁም አለቻት። ነገ ተፈርሞ ካልተመለሰ ንግግሩ ይቀርብኛል ብላ ልጅቷ ስታለቅስ ግን አልቻለችም፤ አወጣችው።

«አንቺ ጋ ምን ይሠራል?»

«አነበብኩት።»

ዮሃና ቀና ብላ አየቻት። «ማማ፣ እዚያ ሁሉም ደች ነው የሚያወራው። ሰው ሲጠይቅሽ ዞረሽ እኔን ታዪያለሽ። ያኔ ንግግሬ ይጠፋብኛል» አለች።

«ኣሰገደትስ?»

«እሷ ራሷ ትመልሳለች።»

«እሳቸው በይ» አለችና እስክሪብቶ ጠየቀች።

እስከዚያ ቀን በእናቷ ስም የምትፈርመው ዮሃና ነበረች። ኤልፍነሽ ከኣሰገደት ስም በታች፣ ወላጅ በሚፈርምበት ቦታ፣ የራሷን ስም ፊደል በፊደል ጻፈች።

ዓርብ፣ ልክ በንግግሩ ሰዓት፣ የቢሮ መስኮት እየወለወለች ነበር። መስታወቱ ላይ ተነፈሰችበትና በጣቷ «ስሊም» ብላ ጻፈች። ፊደሎቹ ተንጋደው ወደ ታች ወረዱ። ጨርቁን አነሳች፤ ከዚያ ቃሏን ሳትወለውል ትታት ወደሚቀጥለው መስኮት አለፈች።