ኮረብታ የወጣችው ጀልባ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። እዚህ ከግንቡ ሥር ነፋስ አያገኛችሁም። የቪንካን ጀልባ ነገር ልንገራችሁ። ስንት ዓመቱ ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ደንግጬ አልጨረስኩም።

ቪንካ የዚህችው የኮሚዣ ወደባችን ሰው፣ የሰርዲን ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እዚያ የሠራች ሴት ናት። ባል አላገባችም፤ ሥራ አትንቅም፤ ወሬ አትወድም። አባቷ ሲሞት የተወላት ዳኒትሳን ነው፤ የንጋት ኮከብ እንደ ማለት ነው ስሟ። በወጣትነቱ በገዛ እጁ ከእንጨት የሠራት ባለ ሞተር ጀልባ ነበረች። ቪንካ ገና ቁመቷ ሳይደርስ ሣጥን ላይ ቆማ መሪ መያዝ የተማረችው በእሷ ነው። ሽማግሌው ሊያርፍ ሲል እጇን ይዞ፣ «እንጨት ከባህር ሲርቅ ይሞታል። ወደ ውኃዋ መልሺያት» አላት። እሷም «እሺ» አለችው።

እሺ ካለች አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ዳኒትሳ ዳርቻው ላይ፣ በሸራ እንደተሸፈነች፣ እየደረቀች ቀረች። ያቺ «እሺ» የቪንካን አንጀት ስትበላ ኖረች።

አንድ የኖቬምበር ጠዋት ተነሥታ ሸራውን ገፈፈችው። ጎረቤቷ ፕሮሽፐር በመስኮት አያት። ድሮ ጀልባ ሠሪ ነበር፤ እኛ ባህር ያሸመገለውን ሰው ባርባ እንላለን፣ እሱንም እንደዚያው።

«ቪንካ፣ ሬሳ ነው እንዴ የምትገልጪው?»

«ባርባ፣ ዛሬ ቀልድዎን ይተዉልኝ። ሥራውን ያሳዩኝ።»

«ሥራውማ ከመጠገን አይጀመርም። መጀመሪያ ግፈፊያት። ሞተሩ ይውጣ፣ ብረቱ ይውጣ፣ ቀለሙ ይፋቅ። የለበሰች ጀልባ በሽታዋን አትናገርም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ሦስት ሳምንት ሠራች። ሞተሩን በባርባ ሰንሰለት አወጡት። የስሟን ሰሌዳ ነቀለች፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች፣ ሰባት ድርብ ቀለም ፋቀች። አረንጓዴው ሲነሣ ነጭ፣ ነጩ ሲነሣ ሰማያዊ፤ ከሁሉም ሥር አባቷ በእርሳስ የጻፋቸው ቁጥሮች ወጡ። እጇ የደረሰበትን ሳንቃ ሁሉ በወስፌ ወጋ ወጋ አደረገችው። እንጨቱ ጠንካራ ነው! ልቧ ሞላ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። ሳይሳካልኝ ቢቀር መሳቂያ እሆናለሁ ብላ ነው። ባርባንም ለማንም እንዳይናገር በአባቷ ስም አስምላዋለች።

በዲሴምበር አምስት ከደሴታችን በመርከብ ወደ ስፕሊት ከተማ ሄደች፤ የመዳብ ምስማርና በሳንቃ መሐል የሚጠቀጠቅ የጥጥ ፈትል ልታመጣ። አክስቷ ቤት አደረች። በማግስቱ የቅዱስ ኒቆላዎስ ለት ነው። በኮሚዣ በዚያ ቀን ምን እንደሚደረግ እናንተ ታውቃላችሁ፤ አንዲት ያረጀች ጀልባ ኮረብታው ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት፣ ለባሕርተኞች ጠባቂ ለቅዱሱ ትቃጠላለች። የዚያ ዓመቷ፣ ዛኔ የሚባለው የአሣ አጥማጆቹ አለቃ የሚሰጣት ጀልባ መሆኗን ቪንካም በወሬ ሰምታለች። ሰጪው ደግሞ አዋጅ አይናገርም፤ ጀልባውን ይገፍፍና ቀኑ ሲደርስ ከአካባቢው ዞር ይላል። የገዛ ጀልባው ስትወሰድ ማን ቆሞ ያያል?

ጠዋት ከመርከብ ወርዳ ወደ ኮሚዣ አውቶቡስ ስትገባ ሹፌሩ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገና፣ «ለቪንካ ቦታ ልቀቁላት» አለ። ገረማት። ጎመን የታቀፈች አንዲት አሮጊት ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት።

«እግዜር ይቀበልልሽ ልጄ። እኔ ብሆን አልችለውም ነበር።»

«ምኑን እማማ?»

አሮጊቷ ዓይኗን ጠርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ዳርቻው ስትታጠፍ ክው ብላ ቀረች። ዳኒትሳ የለችም። መደገፊያ እንጨቶቹ ብቻ ቆመዋል። ሸራው በሥርዓት ታጥፎ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። ምስማሩ ከእጇ ወድቆ ድንጋዩ ላይ ተበተነ። ሌባ ሸራ አያጥፍም። ይሄ በአክብሮት የተደረገ ነው። ያኔ የኮረብታው ደወል መደወል ጀመረ።

እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስትደርስ አገር ተሰብስቧል፤ ዳኒትሳ በወይን ጭራሮ ክምር ላይ በግራ ጎኗ ተኝታለች፤ ዛኔ የተለኮሰ ችቦ ይዞ ቆሟል።

«ዛኔ! ምን ልታደርግ ነው?»

«ቪንካ! መጣሽ?» ፊቱ በራ። «ሰው የሚሸሸውን ልታዪ መጣሽ? አቤት ልብ!»

«እየጠገንኳት ነው እኮ!»

ዛኔ ችቦውን ዝቅ አደረገ።

«ምን አልሽ?»

«እየጠገንኳት ነው!»

«ሞተሯን አውጥተሽ? ስሟን ነቅለሽ?»

«ቀለም ልቀባት!»

«ከዚያ በዋዜማው ጥለሻት ሄድሽ!»

«ምስማር ላመጣ ነዋ፣ አንተ ሰው!»

ዛኔ ችቦውን ድንጋዩ ላይ ረግጦ አጠፋና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ለካ የእሱን ጀልባ ወንድሙ በፕላስቲክ ለብዷት ኖሯል፤ ቄሱ ዶን ስቲፔ በዋዜማው ከሰዓት አይተው፣ «ቅዱሱን በፕላስቲክ ጭስ ልታጥኑት ነው?» ብለው መልሰዋታል። ሰዎቹ ተጨንቀው ዳርቻውን ሲቃኙ ዳኒትሳን አገኟት፤ የተገፈፈች፣ ስም የሌላት፣ ባለቤቷ የሄደችባት። አንዳንዱ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው የተሸከማት። ባርባ ፕሮሽፐር ደግሞ በትኩሳት ተኝቶ ምንም አልሰማም። አሁን ነው በሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ፣ እያለከለከ የደረሰው።

«ቪንካ» አሉ ዶን ስቲፔ፣ «ጀልባዋ ያንቺ ናት። ተናገሪ።»

ሕዝቡ ሁሉ አፏን አፏን ያያል። ከኋላ «አንዴ ቅዱሱ ፊት የተኛች ጀልባ ትመለሳለች እንዴ?» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። ያን ክረምት ባሕር የሚወርዱ ወንዶች ሚስቶች እዚያው ቆመዋል። ቪንካ አንድ እግሯ ባዶ እንደሆነ እንዲህ አለች፦

«አባ፣ አባቴን እሺ ብዬዋለሁ። ቅዱሱን እሺ አላልኩትም።»

ዶን ስቲፔም፣ «ኒቆላዎስ ያልሰጡትን አይወስድም። አውርዷት» አሉ።

«ታዲያ ምን እናቃጥል?» አለ አንዱ።

ዛኔ ቁልቁል ሮጠ። ተመልሶ ሲመጣ ባሕር የሚወርድባትን የሌላዋን ጀልባ መሪ እንጨት ታቅፏል፤ ጭራሮው ላይ አኖረው። ያን ጊዜ ሌሎቹም ወረዱ። አንዱ መቅዘፊያ፣ አንዱ የመቀመጫ ሳንቃ፣ አንዲት መበለት የባሏን የመረብ ማንሳፈፊያ ቡሽ አመጣች። እንደዚያ ዓይነት እሳት ከዚያ በፊት አላየንም።

ጭራሮው ከመለኮሱ በፊት ግን፣ ጀልባዋን ሊያነሡ ሲሉ፣ ባርባ ጮኸ።

«ቁሙ! ማንም እንዳይነካት!»

ተንበርክኮ ሆዷን ይዳብሳል። የቆመች ጀልባ ሆዷን ለብቸኛ ሰው አታሳይም፤ ለመጋደም ሃያ ትከሻ ትፈልጋለች። የሞተሩ ዘንግ በሚወጣበት አጠገብ፣ ከአከርካሪ እንጨቷ ሥር፣ ባርባ ጣቱን ሳንቃው ላይ ጫን አደረገ። ጣቱ የቂጣ ሊጥ ውስጥ እንደሚገባ እስከ መሐሉ ገባ።

ቪንካ አፏን በእጇ ያዘች። በፋሲካ ብቻዋን ወደ ቢሼቮ ደሴት ልትሻገርባት አስባ ነበር።

«በዚህ ላይ ቀለም ቀብተሽ ባሕር ብትወጪ ኖሮ...» አለ ባርባ። ከወደቀው ችቦ ከሰል ሰበረና በበሰበሰው ሳንቃ ዙሪያ ክብ አሰመረ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰዉን ገላመጠ።

«ይቺ ሳንቃ ቅዳሜ ትወጣለች። ስትሰርቋት ሃያ ነበራችሁ። ቅዳሜስ ስንት ናችሁ?»

መጀመሪያ እጁን ያወጣው ዛኔ ነው። ቪንካ የተነሡትን እጆች ልትቆጥር ሞከረች፣ እንባ ከለከላት። ከዚያ ዳኒትሳን ተሸክመው ቁልቁል ወረዱ፤ እሷ ከፊት፣ በአንድ ጫማ፣ «ቀስ! ቀስ በሉ!» እያለች።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ልጆቼ፣ ዝም ባለ አፍ ሰበብ ጀልባ ኮረብታ ልትወጣ እንደምትችል ግን ያን ቀን አየን። የጀመራችሁትን ነገር ለጎረቤት ንገሩ፤ ቢስቅም ይሳቅ። የነገርኳችሁን ሁሉ ብትረሱት አልቀየማችሁም፤ ያቺን ሴት ብቻ፣ እጇ ባዶ ሆኖ፣ ከታጠፈው ሸራ ፊት ክው ብላ እንደቆመች፣ አደራ አስታውሱልኝ።