ጫት ሲገባ የሚሄደው መብራት

ሰብለወርቅ እንደ ወትሮዋ አንዱን ቁልፍ ተጭና አለፈችው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ዲስኩ መፈተሽ አለበት፤ ፍተሻውን ለመዝለል ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» የሚል ነጭ ጽሑፍ ይወጣል፤ እሷም ለወራት በየማለዳው ስትዘለው ኖራለች። ደንበኛ ቆሞ እያየ ማን ፍተሻ ይጠብቃል? ዛሬ ግን ኮምፒዩተሩ አልከፈት አለ። ጠፋ፣ ተነሳ፣ ያንኑ ጽሑፍ አወጣ። ደግማ ተጫነች፤ ደግሞ ጠፋ። ከሆዱ ውስጥ ጥፍር ጣውላ ሲመታ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ይሰማ ጀመር።

«ምን ሆነ?» አለ ከኋላዋ የቆመው ዘሩ።

«ምንም አይደል ጋሽ ዘሩ፤ አንዳንዴ ያመዋል።»

ዘሩ ከወደቡ ወደ አዲስ አበባ ተሳቢ የሚነዳ ሾፌር ነው። ዛሬ የመጫኛ ተራውን ጥሎ ነው የመጣው። ጀልባዎቹ በሚነሱበት በኦቦክ የባሕር ዳርቻ የሚኖረው ወዳጁ እሸቴ ገና ጎህ ሳይቀድ ደውሎለት ነበር፦ ወደ የመን የተነሳች ጀልባ ተገልብጣለች፤ ባሕሩ ሰው እያወጣ ነው። የዘሩ ልጅ ልደቱ ደግሞ በዚሁ ሳምንት ሊሻገር ሄዷል፤ ስልኩም አይሠራም። እሸቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ምን ለብሶ ነበር? ፊት አይለይም፤ ልብሱን ንገረኝ።» አባት የልጁን ልብስ አያውቅም። ልጁ ሲሄድ መች ነገረው!

ለዚህ ነው ሰብለወርቅ ዘንድ የመጣው። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቋ ፎቶ ታነሳለች፣ የስልክ ካርድ ትሸጣለች፣ ለሾፌሮች ወረቀት ታትማለች። ከዚህ ሌላ ደግሞ ማንም ያላዘዛት ሥራ አላት። ባሕር የሚሻገሩት ልጆች ከመሄዳቸው በፊት የሚጓዙበትን ልብስ እንደለበሱ ግድግዳዋ ፊት ይቆማሉ፤ ስማቸውን ከነአያታቸው፣ አገራቸውን፣ የቤተሰባቸውን ስልክ ተናግረው ይቀረጻሉ። ማዶ ደርሰው ሲደውሉላት «እሰይ!» ብላ ታጠፋዋለች። ያልደወሉት እዚያው ይቆያሉ። ቅጂ ደግሞ የላቸውም። ደላሎች የቤተሰብ ስልክ እጃቸው ከገባ ልጁን አስረው ገንዘብ አምጡ ስለሚሉ፣ ከዚህ ኮምፒዩተር ወደ ስልክም ወደ ኢንተርኔትም እንዳታወጣው ለእያንዳንዳቸው ምላለች። መሐላው ደግ ነበር። ያንን ድምፅ ስትሰማ ግን ፈራች፤ ስልኳን አንስታ ከይረዲንን ጠራችው።

ከይረዲን ቦርሳውን ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ ኮምፒዩተር የሚጠግን የድሬዳዋ ልጅ ነው። እንደመጣ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ ሳቂታ ፊቱ ጨለመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ፍተሻ የሚጠይቅሽ?»

«ከረመዳን በፊት ጀምሮ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ከፍቶ ይሠራልኛላ! ምን ልበለው?»

«ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ሲባል አልሰማሽም?»

«አሁን ልትተርትብኝ ነው ልትሠራው?»

ዘሩ በመሃላቸው ገባ። «ፍተሻውን ለምን አታስጨርሰውም? ምናልባት ይድን ይሆናል።»

«ጋሼ፣ ዲስኩ እየሞተ ነው» አለ ከይረዲን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፍተሻው አርማለሁ ብሎ ሲነካካው የተረፈውንም ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ያለውን እንቅዳ።»

ዲስኩን ፈቶ አወጣና በገመድ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኘው። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ አሮጌው ዲስክ ግን ኃይል የሚያገኘው ከግድግዳው ሶኬት ነው። ዲስኩ ብዙ ካመነታ በኋላ የልጆቹ ስም ተራ በተራ ብቅ አለ። ከይረዲን የልደቱን አስቀደመ። መቅዳቱ ትንሽ ሄደና ቆመ፤ እንደገና ትንሽ ሄደና ቆመ። ዘሩ ስክሪኑን እያየ ትንፋሹን ይውጣል።

«የታመመው ቦታ ላይ ነው ያለው» አለ ከይረዲን። «ይወጣል፤ ግን እንዳይቋረጥ። አሁን ከጠፋ ዳግም የሚነሳ አይመስለኝም። እዚህ መብራት ይሄዳል?»

«በየቀኑ ይሄዳል» አለች ሰብለወርቅ። «ግን ወዲያው ይመለሳል።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ጫት ሲገባ ገደማ።»

ከይረዲን ቀና ብሎ አያት። «የጎረቤቶችሽም አብሮ ይሄዳል?»

አታውቅም። ይህን ያህል ጊዜ የመብራት ድርጅቱን ስትራገም፣ አንድ ቀን እንኳ አንገቷን ብቅ አድርጋ ማዶውን አላየችም። በሩ ላይ ወጥታ ከመንገዱ ማዶ ልብስ የምትሰፋውን ሐዲጃን ተጣራች።

«ሐዲጃ! ከሰዓት መብራት ይሄድብሻል?»

«እኔ? ኧረ የለም!» አለች ሐዲጃ መኪናዋን ሳታቆም። «ያንቺ ብቻ እኮ ነው የሚሄደው። ሐጂ ክሊሙን ሲያስነሳ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«የምታውቂ መስሎኝ ነዋ!»

ሰብለወርቅ አሁን ገባት። ሱቋና የአከራይዋ የሐጂ ዓብዱልጀሊል ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው የሚሠሩት። ጫት በገባ ቁጥር ወዳጆቹ ሳሎኑ ይሰበሰባሉ፤ ሙቀቱን የሚያበርደው ማሽን፣ እነሱ ክሊም የሚሉት፣ ይነሳል፤ ቆጣሪው ይከብደውና ማብሪያው ይወድቃል፤ አንዱ ተነስቶ ያነሳዋል። እነሱ መቃማቸውን ሲቀጥሉ የእሷ ኮምፒዩተር በሥራው መሃል ይደፋል። በየማለዳው «ፈትሹኝ» የሚለው ለካ ለዚህ ነው።

ከዋናው መንገድ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ሌላውም ተከተለ። ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋው ሰፈር ነቃ፤ የጫት ሻጮቹ ጠረጴዛ በሰው ተከበበ። ጫቱ ገብቷል።

በጓሮው በር ሮጣ የሐጂ ኮሪደር ደረሰች። ሽማግሌው ሽርጡን አገልድሞ፣ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ሊገባ ነው። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእሷ አይተናነስም።

«ሐጂ፣ ክሊሙ ዛሬ ትንሽ ይቆይልኝ!»

«በዚህ ሙቀት? ያ ሰብለ፣ እንግዶች አሉብኝ፤ ከራስ ዲካ ድረስ የመጡ።»

«የሰው ልጅ ጉዳይ ነው ሐጂ። ይሙት ይኑር የሚታወቅበት ዕቃ መብራቱ ላይ ተሰክቷል። ከሄደ አለቀልን።»

ሐጂ ዓብዱልጀሊል ክፉ ሰው አይደለም። አገጩን አሻሸና «ኢንሻላህ፤ ትንሽ እንታገሳለን» ብሎ ገባ። አመስግናው ዞር ስትል በተከፈተው በር አንዱ እንግዳ ሪሞቱን አንስቶ ወደ ግድግዳው ሲያነጣጥር አየችው። ሐጂ ገና ጫማውን እያወለቀ ነው። ለመጮኽም ጊዜ አልነበራትም። ቆጣሪው ከራሷ በላይ ነው፤ ከሥሩ የክሊሙ ማጥፊያ አለ። ዘላ ወደ ታች አወረደችውና ማንም እንዳያነሳው መዳፏን ጫነችበት። የሱቋ መብራት እንደበራ ቀረ።

«ምንድን ነው ይሄ! ልንቀቀል ነው እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ። ሌሎቹም በሶማልኛ አጉረመረሙ። ሐጂ በባዶ እግሩ ብቅ አለ።

«ሰብለ! ሴት ልጅ ወንዶች በሚቅሙበት በር ላይ? አሳፈርሽኝ እኮ።»

«አውቃለሁ ሐጂ። ይቅር ይበሉኝ» አለች። እጇን ግን አላነሳችም።

ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። የሱቁ የጓሮ በር ክፍት ስለሆነ ያ ቀጭን ድምፅ እዚህም ይሰማታል፤ ከቅድሙ ፈጥኗል። ከዚያ ከይረዲን ጮኸ፦ «ወጣ! የልደቱ ወጣ!» ትንሽ ቆይቶ የአንድ ወጣት ድምፅ ግቢውን ሞላው። «ልደቱ ዘሩ ወልደሰንበት እባላለሁ…»

ዘሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ ግቢው ወጣ። «እሸቴ፣ ቢጫ ነው። ቢጫ ማልያ፣ ጥቁር ቁምጣ።» አዳመጠ። «የለም? እርግጠኛ ነህ?» ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ቢጫ የለበሰ እስካሁን የለም አለኝ» አለ ቆይቶ።

እስካሁን። ያቺን ቃል ሁሉም ሰሟት።

«አንዲት ልጅ ግን ወጥታለች። ግራጫ ሹራብ፣ አረንጓዴ ነጠላ ጫማ። የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ ጠፋ ነው የሚለው።»

ሰብለወርቅ ግድግዳዋ ፊት የቆሙትን ሴቶች ልጆች በዓይነ ኅሊናዋ ፈለገች። ስንቷን ነው ያቆመቻት፣ «ዞር በይ፣ ጫማሽም ይታይ» ያለቻት! ግራጫ ሹራብ ግን አልመጣላትም። አለማስታወሷ ከሙቀቱም ከሐጂ ፊትም በላይ አስጨነቃት።

ከይረዲን በጓሮው በር ብቅ አለ። «ሰብልዬ፣ የፈለግነው ወጥቷል። ልቀቂላቸውና ነይ።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩት ብዙ ናቸው፤ ዲስኩም እየባሰበት ነው። ሊወጡም ላይወጡም ይችላሉ። ከወጡም ይመሻል።»

«ሰማሽ አይደል» አለ ሐጂ። አልጮኸም፤ የሚያስፈራውም አለመጮኹ ነበር። «የሰውዬው ልጅ ወጥቷል፤ ዋላሂ ደስ ብሎኛል። አሁን እጅሽን አንሺ። ካላነሳሽ ግን ከነገ ጀምሮ ሌላ ሱቅ ፈልጊ።»

ሱቁ እንጀራዋ ነው። በዚህ ከተማ ባዕድ ሴት ሌላ አከራይ እስክታገኝ የምታየውን ታውቀዋለች፤ አይታዋለችም። ሐጂ ደግሞ ብሎ የሚቀር ሰው አይደለም። ክንዷ ዝሏል።

«ጋሽ ዘሩ» አለች፣ «ያንን በርጩማ ያቀብሉኝ።»

ዘሩ ፊቱን ጠርጎ ተነሳና አመጣላት። ሳሎን ያሉት ያዩዋታል። መዳፏን ሳታነሳ በርጩማው ላይ ወጣችና ጀርባዋን ለወንዶቹ ሰጥታ ቆመች።

«ከይረዲን» ብላ ተጣራች፣ «የሴቶቹን አስቀድም።»